ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር፣ የጠበበ ቫልቭና ሌሎች የሰሞኑ ሥራዎች

ሞተሬ 125 ሲሲ ናት። አንድ ሲሊንደር፣ በንፋስ የምትቀዘቅዝ፣ ካርቡሬተር የተገጠመላት፣ ባለ አምስት ማርሽ። ሥራ ለመመላለስ የተሠራች፣ ምንም የተለየ ነገር የሌላት ሞተር። የምወዳትም ለዚሁ ነው፤ አብዛኛውን ጥገናዋን ሰው በራሱ እጅ ሊሠራው ይችላል። ሰሞኑን ስፈታትና ስገጥማት ቆይቻለሁ። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። እንደኔ በትርፍ ጊዜያችሁ ቁልፍ የምትጨብጡ ካላችሁ አንድ ሁለት ነገር አታጡበትም።

በትልቁ ችግር ልጀምር። ጠዋት በአንድ ርግጫ ትነሳለች። መጀመሪያ አካባቢ መንገዱን ጥሩ አድርጋ ትሄዳለች። ከዚያ ድንገት ያዝ ለቀቅ ማድረግ ትጀምራለች። ነዳጅ ስሰጣት ትንገጫገጫለች፣ ጉልበት ይከዳታል፣ ትጠፋለች። ዳር አውጥቻት ትንሽ ካረፈች ግን ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሳለች። እንደገና ትሄዳለች፣ እንደገና ትጠፋለች።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ቦቢና ነው፣ ቀይረው» አለኝ፤ ቦቢና ማለት ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው የሽቦ ጥቅል ነው። ግምቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቦቢና ውስጥ በጣም ቀጭን ሽቦ በብዙ ዙር ተጠምጥሟል። የሽቦው ሽፋን ሲያረጅ፣ ሙቀት ሲያገኘው እርስ በርሱ ይነካካል፤ እሳቱ ይደክማል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። እሳቱን በጊዜው የሚለቀው ሲዲአይም፣ ማግኔቱ አጠገብ ሆኖ ምልክት የሚሰጠው ፒክአፕም ተመሳሳይ አመል አላቸው። ችግሩ ሦስቱንም በግምት መቀየር ኪስ ያራቁታል፤ ቀይራችሁም ላይድን ይችላል። ስለዚህ ልጠብቃትና በጠፋችበት ቦታ ልመረምራት ወሰንኩ። ሲሞቅ የሚመጣ ብልሽት ቀዝቅዞ ቤት ሲገባ ምንም ምልክት አይተውም። እዚያው መንገድ ዳር ካልያዛችሁት አታገኙትም።

መለዋወጫ ካንዴላ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ አንድ ካቻቢቴና ትንሽ ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ። እንደለመደችው ጠፋች። ወዲያው የካንዴላውን ኮፍያ ነቅዬ በያዝኩት ካንዴላ ላይ ሰካሁት። የካንዴላውን ጥርስ ቀለም በሌለው የኢንጅኑ ብረት ላይ አስደግፌ ረገጥኩ። ሰማያዊ እሳት፣ ጠንካራ፣ ጠቅ ጠቅ የሚል። እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ኢንጅኑ ላይ ያለውን ካንዴላ አትንቀሉት፤ ቀዳዳው ክፍት ከሆነ የሚወጣው የቤንዚን ጭስ በዚያው እሳት ሊቀጣጠል ይችላል። ደግሞም በአየር ላይ መብራቱ ቦቢናውን ሙሉ በሙሉ ነፃ አያወጣውም። ሲሊንደር ውስጥ አየሩ ስለሚታመቅ እሳቱ ለመዝለል የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ያም ሆኖ ሌላ ተጠርጣሪ እንድፈልግ የሚያበቃ ምልክት ነበር።

ቀጥሎ ወደ ነዳጁ ዞርኩ። ካርቡሬተር ሥር፣ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ሳህን ላይ ማፍሰሻ ቡሎን አለ። ጠርሙሱን ከሥሩ አድርጌ ፈታሁት። መጀመሪያ ትንሽ ፈሰሰ፣ ከዚያ ጠብታ፣ ከዚያ ምንም። ታንኩ ደግሞ ሙሉ ነው! ቧንቧው ክፍት ነው። ማፍሰሻውን ሳልዘጋ የታንኩን ክዳን ከፈትኩት። ፊሽሽ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ገባ፤ በዚያችው ቅጽበት ቤንዚኑ ከታች እንደ ልቡ መፍሰስ ጀመረ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በእንደዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ቤንዚን የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ የሚገፋው ፓምፕ የለም። የወረደውን ያህል አየር ከላይ መግባት አለበት። ለዚህም ክዳኑ ውስጥ ቀጭን የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ አለ። እሷ ከተደፈነች ታንኩ ውስጥ መምጠጥ ይፈጠራል። አፉ የጠበበ ጄሪካን ስትደፉ ውሃው የሚቆራረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ሞተሯ ቆማ ስታርፍ አየሩ በክዳኑ ጎማ በኩል ቀስ እያለ ይገባል፤ ያን ጊዜ ትነሳለች። እኛ «ቀዘቀዘች» የምንለው እሱን ነው። ከሙቀት ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

ሌላም ያኔ ትርጉም ያልሰጠኝ ነገር ነበር፤ ነዳጅ በሞላሁ ቀን ቶሎ ትጠፋለች። ታንኩ ሲጎድል ደግሞ ረዘም ያለ መንገድ ትታገሣለች። አሁን ሲታይ ግልጽ ነው። ሙሉ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ቤንዚን ሲወጣ ግፊቱ ቶሎ ይወርዳል። ታንኩ ሲጎድል አየሩ ብዙ ነው፤ ያንኑ ያህል ቤንዚን ቢወጣም ብዙም አይሰማውም። የናንተም ሞተር ነዳጅ ከሞላችሁ በኋላ የምትብስ ከሆነ ቦቢና ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን እዩት።

ክዳኑን ፈትቼ በቤንዚን አጠብኩት። ቀዳዳው በአቧራና በደረቀ ነገር ተለስኗል። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዝዤ ጠረግኩት፤ ከዚያ በፓምፕ አየር ነፋሁት። በቃ። አልፎ አልፎ ክዳኑን አላልተው የሚነዱ ሰዎች አይቻለሁ። ለሙከራ አንድ ጊዜ ከሆነ ይሁን፤ እንደ መፍትሔ ግን አደጋ ነው። ቤንዚኑ ሲንቦጫረቅ የሚያርፈው የጋለ ኢንጅንና ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ ነው።

ካንዴላውን በኋላ ቤት ነቅዬ ሳየው ጫፉ ነጣ ያለ ነበር። ጤነኛ ካንዴላ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል ወይም የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል። ጥቁር ሆኖ በዘይት የራሰ ከሆነ ዘይት ወደ ማቃጠያው እየገባ ነው። ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶታል፤ እየራባትም ነበር፣ ይስማማል።

ካንዴላው ከወጣ አይቀር በቫልቩና በመግፊያው መካከል ያለውን ክፍተት ልለካ ብዬ ቀጠልኩ። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይፈራዋል። እኔ ግን ከሰንሰለት ማጽዳት የቀለለ ሆኖ አገኘሁት፤ እጅም አያቆሽሽም። ኢንጅኑ ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፣ ቢቻል አድሮ። የቫልቭ ክዳኑን ትከፍታላችሁ። በጎን በኩል ማግኔቱን እያዞራችሁ የ«ቲ» ምልክት ከመሥመሩ ጋር እስኪገጥም ታመጣላችሁ። ይህ ምልክት ግን በአንድ ሙሉ ሥራ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ትክክለኛው ሁለቱም የቫልቭ መግፊያዎች በእጅ ሲነቀነቁ ትንሽ ላላ የሚሉበት ነው። አንዱ ከጠበቀ አንድ ዙር አዙራችሁ እንደገና ያዙት።

የእኔ መመሪያ የሁለቱም ቫልቮች ክፍተት 0.08 ሚሊ ሜትር ይሁን ይላል። የናንተ ሊለይ ስለሚችል የራሳችሁን መመሪያ እዩ። የማስገቢያው ቫልቭ ልክ ነበር። በጭስ ማውጫው ላይ ግን 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መለኪያ ስስ ብረት እንኳ አልገባ አለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ብዙዎቻችን የምንፈራው ቲክ ቲክ የሚል ቫልቭን ነው። እኔ አሁን የምፈራው ድምፁን ያጠፋውን ነው። የላላ ቫልቭ ይጮሃል፣ ትንሽ ጉልበት ይቀንሳል። የጠበበው ግን ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። ቫልቭ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስተላልፈው ከመቀመጫው ጋር ተጣብቆ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ሲሞቅ ይረዝማል፤ ክፍተት ካላገኘ በደንብ አይዘጋም። የጋለው ጭስ በጠርዙ እየሾለከ ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል። ከዚያ ኮምፕረሽን ይወርዳል፣ ወጪውም ሌላ ነው። የጭስ ማውጫ ቫልቭ መቀመጫውን እየበላ ወደ ላይ ስለሚገባ ክፍተቱ በአገልግሎት ብዛት ይጠባል። «ኢንጅኔ ጸጥ አለ፣ ተስተካከለ» ብላችሁ አትደሰቱ።

ማስተካከያው ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ግን ያታልላል። ማስተካከያውን ቡሎን በልኩ አድርጋችሁ ዳዶውን ስታጠብቁ ቡሎኑ አብሮ ትንሽ ይዞራል። ስለዚህ ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። ስስ ብረቱ ሲሳብ ቀለል ያለ መያዝ ሊኖረው ይገባል፤ መንሸራተትም መጣበቅም የለበትም። ከዚያ ኢንጅኑን ጥቂት ዙር አዙሩና ደግማችሁ ለኩ። ካንዴላውን ስትመልሱ መጀመሪያ በጣታችሁ ብቻ አስገቡ፤ ቁልፍ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከላይ ያለው ክፍል አሉሚኒየም ስለሆነ ጠምሞ የገባ ካንዴላ ጥርሱን ይበላዋል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይሰጣት የምትዞርበት) ረጋ አለ። ከቀዝቃዛ ስትነሳም ቾክ ቶሎ ትለቃለች።

ዘይት ላይ ብዙ አልልም። በነዚህ ሞተሮች አንዱ ዘይት ኢንጅኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያጠጣል። ስለዚህ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA፣ ዘይቱ ለእንዲህ ዓይነት ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ ደረጃ) የሚል መኖሩን እዩ። ለነዳጅ ቁጠባ ተብሎ የተሠራ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል። ፍሪሲዮን መንሸራተቱን ለማወቅ በከፍተኛ ማርሽ ቀስ እያላችሁ ሳለ ነዳጁን አንዴ ክፈቱት፤ ኢንጅኑ ጮሆ ፍጥነቱ ካልተከተለው ተንሸራቷል ማለት ነው።

ሰንሰለቱን በተመለከተ ደግሞ ካለኝ ልማድ የቀየርኩት መለካቱን ነው። ሰንሰለቴ 428 የሚባለው ነው። ከአንድ ፒን እስከ ቀጣዩ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 20 ማያያዣ አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ወጥሬ ስለካው 259 ከደረሰ 2 በመቶ ገደማ ረዝሟል፣ ዕድሜው አልቋል ብዬ ነው የምይዘው። መላላቱን የምለካው ደግሞ የኋላ ጎማውን እያዞርኩ በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈልጌ ነው፤ ሰንሰለት በእኩል አያልቅም። በላላው ቦታ ላይ ካስተካከላችሁት በጠበቀው ቦታ ኩሽኔታውን ይጎትተዋል። እኔ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር እተወዋለሁ። በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ አድርቄ፣ የማርሽ ዘይት በውስጠኛው በኩል አጠጣለሁ፤ ትርፉን እጠርገዋለሁ። ጎማውን ግን በእጅ አዙሩት። ኢንጅን አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ ሰንሰለት የሚጠርግ ሰው ጣቱን ይቀጠፋል።

አሁን ወደ ማሻሻያው። በፊት ያለውን ስፕሮኬት ከ14 ጥርስ ወደ 15 ቀይሬ ሞከርኩ። የኋላው 42 ነው። ድሮ 42 ለ14 ሲካፈል 3 ነበር፤ አሁን 2.8 ሆነ። በአንድ ፍጥነት ኢንጅኑ 7 በመቶ ገደማ ቀንሶ ይዞራል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ጥሩ ነው፤ ጩኸቱ ቀነሰ፣ የእጀታው መንዘርዘር ለዘብ አለ። ዳገት ላይ ግን አምስተኛ ማርሽ ለጌጥ ሆነ። ሰው ጭኜ ስነሳም ፍሪሲዮኑን ከወትሮው በላይ ማንሸራተት ግድ ሆነብኝ። ስለዚህ 14ቱን መልሻለሁ። መንገዳችሁ ሜዳ ከሆነና ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነ ግን ሞክሩት፤ ርካሽ ነው፣ ካልተመቻችሁም ይመለሳል። ብቻ የፍጥነት መለኪያችሁ ከፊት ጎማ ሳይሆን ከማርሽ ሳጥኑ የሚነዳ ከሆነ ንባቡ እንደሚዛባ እወቁ።

የፊት መብራቷን በኤልኢዲ ልቀይር አስቤ ነበር። ከመግዛቴ በፊት ቴስተር አነሳሁ። ኢንጅኑ ሞቅ ተደርጎ ባትሪው ላይ 14 ቮልት አካባቢ አነበብኩ፣ ጤነኛ ነው። አምፖሉ መሰኪያ ላይ ግን ከአንድ ቮልት በላይ ጎድሏል። መሰኪያው አረንጓዴ ዝገት ይዟል፤ ማሳ (ኔጌቲቭ) የሚያገኝበት ቡሎንም ከቀለም በላይ ነው የታሰረው። ሁለቱንም አሸት አሸት አድርጌ በንጹሕ ብረት ላይ አሰርኩት። ልዩነቱ ማታ ላይ በደንብ ይታያል። በሃሎጅን አምፖል ቮልቱ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ነው የሚወርደው። ኤልኢዲውን ተውኩት። መስታወቱና አንጸባራቂው ለሃሎጅን ክር ቦታ ስለተሠሩ፣ ቦታውን በትክክል የማይተካ ኤልኢዲ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ከፊት የሚመጣውንም ዓይኑን ያጠፋዋል።

ቀጥሎ ያለኝ ሥራ የፊት አሞርዛተር ዘይት ነው። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ከወትሮው በላይ ትወርዳለች፤ በግራ በኩል ደግሞ የዘይት ቀለበት ይታያል፣ ዘይቱን የሚይዘው ጎማ («ሲል») ሳይበላ አልቀረም። ቱቦውን በጥፍሬ ስዳብሰው አንዲት ትንሽ የዝገት ጉድጓድ አገኘሁ። እሷን ሳላለሰልስ አዲስ ሲል ባስገባ ጥቂት ቆይቶ መቀደዱ አይቀርም። በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ብቻ የተገላገላችሁ ወይም ቱቦውን እስከመቀየር የደረሳችሁ ካላችሁ ከመፍታቴ በፊት ንገሩኝ።