ሰርቨሬ ላይ ሁለት ዲስክ ሚረር ያደረግኩበት መንገድ

ሰርቨሩ ለዓመታት የሠራው በአንድ ዲስክ ነበር። ባክአፕ አለኝ። ግን ዲስኩ ከሞተ ሁሉንም መልሶ መጫን የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ያን ቀን ሙሉ አገልግሎቱ ይቆማል። ስለዚህ ሁለተኛ ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ገዛሁና ሁለቱን በሬይድ 1 ለማጣመር ተነሳሁ። ሬይድ 1 ላይ አንዱ ዲስክ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ሌላውም ላይ ይጻፋል፤ ሚረር የሚባለው ይህ ነው። ሲስተሙ ዴቢያን ሊኑክስ ነው፤ የተጠቀምኩት በኤምዲአድም ነው፤ ሊኑክስ ላይ ሬይድ የሚሠራና የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው።

አዲሱን ዲስክ ሆን ብዬ ከሌላ አምራች ገዛሁ። አብረው የተመረቱ ዲስኮች አብረው ያረጃሉ፤ ተከታትለው ሊሞቱም ይችላሉ። አምራቹ ሲለያይ ግን መጠኑም በትንሹ ይለያያል። ለዚህ ብዬ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍልፋይ) ስሠራ መጨረሻው ላይ 100 ሜጋባይት ባዶ ተውኩ።

ዳታው ያለው አሮጌው ዲስክ ላይ ነው። ታዲያ ሳይጠፋ እንዴት ይጣመራል? ሚረሩ አዲሱ ዲስክ ላይ ሲፈጠር በአሮጌው ዲስክ ቦታ «ሚሲንግ» የሚል ቃል ይጻፋል። ኤምዲአድም አንድ እግሩ የጎደለ ሚረር ይሠራል። ዳታውን ወደዚያ ገለበጥኩ። ከአዲሱ ዲስክ ቡት አድርጌ ሁሉም መኖሩን አየሁ። አሮጌውን ለመጨመር የተዘጋጀሁት ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ጋ ልቤ ቀጥ ልትል ነበር። የፓርቲሽን ሰንጠረዡን ከአዲሱ ወደ አሮጌው ለመቅዳት ኤስጂዲስክ በሚባል የፓርቲሽን መሣሪያ ተጠቀምኩ። በዚህ ኮማንድ ቀድሞ የሚጻፈው ተቀባዩ ዲስክ ነው፤ እኔ ደግሞ አገላብጬ ጽፌው ነበር። ኢንተር ከመጫኔ በፊት ማኑዋሉን ደግሜ ማንበቤ አተረፈኝ። ሊኑክስ ለዲስኮቹ የሚሰጣቸው ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ የሚባሉት ስሞችም ሰርቨሩ እንደገና ሲነሳ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ከዚያ ወዲህ ዲስክ የምለየው በሴሪያል ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ እያንዳንዱ ዲስክ መሳቢያ ላይ ለጠፍኩ።

አሮጌውን ስጨምረው ሲንኩ፣ ማለትም ዳታው ወደ እሱ መቀዳቱ፣ 4 ሰዓት ገደማ ፈጀ። የሚረሩን ሁኔታ የሚያሳየው ኤምዲስታት ላይ ሁለት የዩ ፊደሎች (ለእያንዳንዱ ደህና ዲስክ አንድ) ጎን ለጎን ሳይ በቃ አለቀ አልኩ። አላለቀም ነበር። ኤምዲ 0 ያልኩት ሚረር ሰርቨሩ ሲነሳ ኤምዲ 127 ሆኖ መጣ። የኤምዲአድምን ኮንፊገሬሽን ፋይል ሞልቶ ሲስተሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነውን ኢኒትራምኤፍኤስን ማደስ ያስፈልጋል።

ዋናው ትምህርት የመጣው ግን ዲስክ ስነቅል ነው። አዲሱን ትቼ አሮጌውን ነቀልኩ፤ ሰርቨሩ ተነሳ። አሮጌውን መልሼ ሰካሁት። የትኛው ክፍል እንደተቀየረ የሚመዘግብ ቢትማፕ ስለነበረው የጎደለውን ብቻ ጽፎ ቶሎ ተስተካከለ። ቀጥሎ አዲሱን ነቀልኩ። ጥቁር ስክሪን። ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም ግራብ የነበረው አዲሱ ላይ ብቻ ነው። ዳታው በሙሉ እያለ ሰርቨሩ መነሳት አልቻለም! ግራብን ሁለቱም ላይ ጫንኩና ከመጀመሪያው ሞከርኩ።

ሰርቨሩ እየሠራ ስነቅል ደግሞ ዳታቤዙ ሞተ። ስዋፑን (ሜሞሪ ሲያንስ ዲስክ ላይ የሚያገለግለውን ቦታ) ከሚረሩ ውጭ አንዱ ዲስክ ላይ ትቼው ነበር። እሱንም ሚረሩ ውስጥ አስገባሁት።

የማስጠንቀቂያ ኢሜይሉንም ሞክሩት። ኤምዲአድም ለዚህ የሙከራ መልእክት መላኪያ አለው። የእኔ አልደረሰም፤ ሰርቨሩ ላይ ኢሜይል መላኪያ አላዘጋጀሁም ነበር። ያን ቀን ባልሞክረው አንዱ ዲስክ ሞቶ ወራት ቢያልፍም አላውቅም ነበር።

ሚረር ባክአፕን አይተካም። ፋይል በስህተት ካጠፋችሁ ከሁለቱም ላይ እኩል ይጠፋል። ባክአፑ እንደድሮው በየሌሊቱ ይሠራል።

ከስምንት ወር በኋላ ማለዳ ላይ ኢሜይል ደረሰኝ። ኤምዲስታት ላይ አንዷ ዩ የለችም፤ በቦታዋ የግርጌ ሰረዝ አለ። የሞተውን ዲስክ ሴሪያል ቁጥር አየሁ፣ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አመሳከርኩ፣ ያንን መሳቢያ ሳብኩ። አሮጌው ዲስክ ነበር። ምትኩን ሰክቼ ሲንኩ ሲጀምር ሰርቨሩ አሁንም ሥራው ላይ ነበር።