የቤት ወርክሾፕ መብራት ስትገዙ ከድምቀቱ በፊት ብልጭ ድርግም ማለቱን ፈትሹ

ግድግዳውንና ኮርኒሱን ነጭ ቀባሁ፤ ከጀርባዬ ይበራ የነበረውን አምፖል አንሥቼ ጥላዬ ሥራው ላይ እንዳያርፍ ከጠረጴዛው በላይ በግራና በቀኝ ረጃጅም የኤልኢዲ መብራቶች ሰቀልሁ፤ የብርሃናቸውንም ቀለም በሙሉ 5000 ኬልቪን፣ ማለትም የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ፣ አደረግሁ። እስከዚህ ድረስ ያስቸገረኝ ነገር አልነበረም።

የሥራዬን ቪዲዮ መቅረጽ ስጀምር ግን በዓይን ፈጽሞ የማይታዩ ጥቋቁር ሰንበሮች በምስሉ ላይ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተቱ ጀመር። ሻጩ ጥፋቱን በካሜራው አላከከ። ካርቶኑ ላይ «ብልጭ ድርግም አይልም» የሚል በትልቁ ታትሟል፤ በምን መለኪያ እንደ ተረጋገጠ ግን አንዲት ቃል አልሰፈረበትም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ኤሌክትሪኩ 50 ሄርዝ በሆነበት ቦታ፣ በውስጡ ያለው ኃይል መቀየሪያ ርካሽ የሆነ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ ካሜራው ደግሞ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ልዩነቱ ሰንበር ሆኖ ይወጣል።

ሁሉም የሚሰጠው ምክር የሹተሩን ፍጥነት (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርግ የሚል ነው። ሰንበሩ በርግጥ ይጠፋል፤ እኔ ግን ምክሩን አልቀበለውም፤ ምክንያቱም የሚሽከረከር ምላጭ ጥርት ብሎ እንዲታይ 1/500 ሲያስፈልግ ሰንበሩ ተመልሶ ይመጣል፣ ከሁሉ የከፋው አደጋም እንዳለ ይቀራል። በደቂቃ 2000 ጊዜ የሚዞር ባለ ሦስት መንጋጋ የቶርኖ ራስ በሰከንድ 100 መንጋጋ ያሳልፋል፤ ይህም ከብርሃኑ ምት ጋር ስለሚገጥም የሚዞረው ብረት የቆመ ሊመስል ይችላል። እጅ ወደዚያ የሚዘረጋበትን ቤት በሹተር ማስተካከያ ብቻ ማለፍ አይገባም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መብራቱን አስበርታችሁ በስልክ በሰከንድ 240 ምስል ቅረጹት፤ ድምቀት መቀነሻ ካለውም ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት፣ ብዙዎቹ የሚጋለጡት እዚያ ላይ ነውና። የቀለም ታማኝነቱ (CRI የሚባለው፣ ከፍተኛው 100 የሆነ መለኪያ) ከ90 በታች ከሆነ የእንጨትና የመዳብ ቀለም ይገረጣልና ተዉት። ለማሽን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመከረው 500 ሉክስ (ሥራው ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) ለዓይን ይበቃል፤ 1/500 ግን ከ1/50 ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥረኛውን ብርሃን ብቻ ስለሚያስገባ፣ እኔ ለቀረጻ ጠረጴዛ ከ1000 ሉክስ በታች አልመክርም።

በዚህ መንገድ መርጬ የሰቀልኋቸው መብራቶች በየትኛውም የሹተር ፍጥነት ንጹሕ ምስል ይሰጡኛል፤ በዚህም እኮራለሁ። ሻጩ አልመልስም ያላቸውን የመጀመሪያዎቹን መብራቶች ደግሞ ማሽን በሌለበት በዕቃ መደርደሪያው በኩል ሰቅያቸዋለሁ፤ በቀረጻ ጊዜ ግን አጠፋቸዋለሁ።