ሞክሼ ሰርቨሮች

ምንም ያልተጫነባቸውን ስምንት ሰርቨሮች በአንድ ከሰዓት ወደ ሃይፐርቫይዘርነት (ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮችን ወደሚያስተናግዱ ሰርቨሮች) ለመቀየር ያዘጋጀሁት የዴቢያን 12 ሊኑክስና የኬቪኤም (የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ኢሜጅ፣ ማለትም ወደ ሰርቨሮቹ የሚቀዳ ዝግጁ የዲስክ ቅጂ፣ በመጀመሪያው ቀን አንዱንም ማስነሣት አልቻለም። ኢሜጁን የሠራሁት ፓከር በተባለው መሣሪያ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስለነበረና እዚያም ያለ እንከን ይነሣ ስለነበር፣ ጥፋቱን በቅድሚያ የፈለግሁት ኔትወርኩ ላይ ነው። ችግሩ የተገኘው ግን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ዋናውን ዲስክ እስኪያገኝ ድረስ በሚገለገልበት ኢኒትራምኤፍኤስ ላይ ነበር፤ መጠኑ እንዲቀንስ ስል ለተሠራበት ማሽን የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ እንዲይዝ አዝዤው ስለነበር፣ የቨርትአይኦን (የቨርቹዋል ማሽኑን ዲስክ) እንጂ የሜጋሬይድን (የእውነተኞቹን ሰርቨሮች የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድ) ድራይቨር አልያዘም። ጥቂት ሜጋባይት ለማትረፍ ግማሽ ቀን ከፈልሁ።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ሰርቨሩ በፒኤክስኢ (በኔትወርክ በኩል) ይነሣል፣ ሚሞሪ ላይ የሚጫን አነስተኛ ሊኑክስ ኢሜጁን ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያም በሬድፊሽ (ሰርቨርን ከርቀት ማዘዣ) ትእዛዝ ሰርቨሩ ከዲስኩ ይነሣል። ስምንቱም ተነሡ፤ ነገር ግን ስምንቱም የያዙት አንድ አይፒ አድራሻ ነበር።

ኢሜጁ ውስጥ ኔትወርኩን የሚያዋቅረው ፕሮግራም፣ ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ፣ ለዲኤችሲፒ (አይፒ አድራሻ አዳይ) ሰርቨር ራሱን የሚያስተዋውቀው በካርዱ ማክ አድራሻ (ካርዱ ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው መለያ) ሳይሆን፣ ማሽን-አይዲ ከተባለው ፋይልና ከኔትወርክ ካርዱ ስም በሚያወጣው መለያ ነው። ፋይሉ ከኢሜጁ ጋር ስለተባዛ፣ ሰርቨሮቹም አንድ ዓይነት በመሆናቸው የካርዶቹ ስም ስለማይለያይ፣ ዲኤችሲፒው ስምንቱን እንደ አንድ ደንበኛ ቆጠራቸው። መፍትሔው ኢሜጁ ከመታሸጉ በፊት ፋይሉን ባዶ ማድረግ ነው፤ እያንዳንዱ ሰርቨር መጀመሪያ ሲነሣ የራሱን ይፈጥራል።

ሁለተኛው ሞክሼነት ከእኔ የመጣ አይደለም። ቨርቹዋል ማሽን ሳይጠፋ ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዛወር ስሞክር ሊብቨርት (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) «ወደዚያው ሰርቨር ልታዛውር ነው» በሚል ስሜት እምቢ አለ። ለካስ የሰርቨሮቹ ቦርዶች ሲመረቱ ልዩ ቁጥር አልተጻፈባቸውም፤ ሁሉም 03000200-0400-0500-0006-000700080009 የሚል፣ ዓይን ላለው ሰው ቦታ መሙያ መሆኑ የሚታወቅ መለያ ነበራቸው። ሊብቨርት መለያውን ከቦርዱ ሳይሆን ከማሽን-አይዲ እንዲወስድ በማዘዝ ተፈታ፤ ቀደም ብዬ ፋይሉን ባዶ ባላደርገው ኖሮ ይህም መንገድ ዝግ ይሆንብኝ ነበር።

እጅግ ያስደነገጠኝ ግን የአይስካዚ ስም ነው፤ አይስካዚ ሰርቨሮች በኔትወርክ በኩል የጋራ ማከማቻ ዲስክ የሚጠቀሙበት ዘዴ ሲሆን፣ ሰርቨሩ ለማከማቻው ራሱን የሚያስተዋውቀው በዚህ ስም ነው። ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ስም ወደ ማከማቻው ሲገቡ፣ ማከማቻው አንድ ሰርቨር ግንኙነቱን ያደሰ ስለሚመስለው የቀደመውን ያስወጣዋል፤ የተባረረውም ተመልሶ ሲገባ ያኛውን ያስወጣል። በላያቸው የሚሠሩት ቨርቹዋል ማሽኖች ዲስካቸው በየሰከንዱ ሲጠፋና ሲመለስ ምን እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም። ደግነቱ የሙከራ እንጂ የደንበኛ መረጃ አልነበረባቸውም። ይህን ስም ከኢሜጁ ሳጠፋ፣ ሰርቨሩ ከርቀት ለሚገባበት ሰው ማንነቱን የሚያረጋግጥባቸውን የኤስኤስኤች ቁልፎቹንም አብሬ አጠፋሁ፤ ዴቢያን ግን እነዚህን በራሱ ስለማይተካ በመጀመሪያው መነሣት የሚፈጥራቸውን ትንሽ አገልግሎት ጨምሬበታለሁ።

አሁን አዲስ ኢሜጅ በተሠራ ቁጥር ሁለት ቅጂዎች ጎን ለጎን ይነሡና መለያዎቻቸው አንድ በአንድ ይነጻጸራሉ፤ አንዱ እንኳ ከተመሳሰለ ኢሜጁ ይጣላል። ከዚህ ንጽጽር ውጪ የሆነው የዋናው የዲስክ ክፍልፋይ ዩዩአይዲ (ልዩ መለያ) ብቻ እስከ ዛሬ በስምንቱም ላይ አንድ ነው። እሱን መቀየር ከቡት ማስነሻው ጋር ስለሚያጣላ ትቼዋለሁ፤ በምትኩ ሁለት ሞክሼ ዲስኮች አንድ ሰርቨር ላይ እንዳይገናኙ፣ ከአንዱ ሰርቨር ዲስክ ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ራኩ ላይ ለጥፈናል።