እንቁጣጣሽና የካምፐኑ በርሜል

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

የኩላሊት እጥበትን ለሚያውቅ ሰው መስከረም 1 ሌላም ነገር ታስታውሳለች። በ1938 ዓ.ም. በዚችው ዕለት (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1945)፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ በካምፐን ከተማ ሆስፒታል፣ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ራሳቸውን የሳቱ የ67 ዓመት ሴት ወደ 11 ሰዓት ያህል ደማቸው ታጥቦ ነቁ። የናዚ ደጋፊ ተብለው የታሰሩ ስለነበሩ የከተማው ሰው አይወዳቸውም። ሐኪሙ ቪለም ኮልፍ ግን አከማቸው፤ ደግ አደረገ። ከሳቸው በፊት በመሣሪያው ከታከሙት 16 ሰዎች አብዛኞቹ ሞተዋል።

መሣሪያው በጀርመን ወረራ ዘመን፣ በከተማዋ የኢናሜል ፋብሪካ ዳይሬክተር በሄንድሪክ በርክ እርዳታ የተሠራ ነው። በእንጨት ርብራብ በርሜል ላይ የቋሊማ መጠቅለያ የሆነ የሴሎፌን ቱቦ ይጠመጠማል፤ የበርሜሉ ታችኛ ክፍል 100 ሊትር ጨዋማ ውሃ በያዘ ገንዳ ይነከራል። በርሜሉ ሲዞር ደሙ በራሱ ክብደት ታች ታቹን ይዞ ወደፊት ይሄዳል። ኩላሊት ማስወገድ የነበረበት ቆሻሻ፣ ዩሪያው፣ በሴሎፌኑ አልፎ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ቀይ የደም ሕዋስና ፕሮቲን ትልቅ ስለሆኑ ይቀራሉ። የሚዞረውን ቱቦ ከማይዞረው ጋር ደም ሳያፈስ ማገናኘት አስቸጋሪ ነበር፤ ዘዴው የተገኘው ከፎርድ መኪና የውሃ ፓምፕ ነው።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ሄፓሪን፣ ካነሰ ደሙ ቱቦው ውስጥ ይረጋል፣ ከበዛ ታካሚው ይደማል። ሴሎፌኑ ከተቀደደ ገንዳው ይቀላል። የባሰው ግን የደም ሥር ነገር ነበር፦ በ1943 እ.ኤ.አ. የታከመች የ29 ዓመት ሴት 12 ጊዜ ከታጠበች በኋላ መርፌ የሚገባበት ደም ሥር አለቀባትና ሞተች። ደጋግሞ ማጠብ የተቻለው በ1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲያትል ላይ ሐኪሙ ስክሪብነር ክንድ ላይ የሚቆይ ቱቦ ካስገባ ወዲህ ነው። እናንተ የምትታጠቡ፣ ዛሬ ነርሷ ፊስቱላችሁን (ለእጥበት መርፌ ተብሎ ክንድ ላይ የተገናኘውን ደም ሥር) በእጇ የምትዳስሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ንዝረቱ ከጠፋባችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወዲያው ደውሉ።

የውሃው መጠን እንኳ ከያኔው 100 ሊትር ብዙም አልራቀም፦ ዛሬ የማጠቢያው ፈሳሽ በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ሲፈስ በ4 ሰዓት 120 ሊትር ነው።

የእጥበት ቀጠሯችሁ በዓሉ ላይ ከዋለ ቀድማችሁ አስለውጡ እንጂ አትዝለሉ። ጠላውም፣ ቡናውም፣ የወጡ መረቅም ከዕለቱ ፈሳሽ ይቆጠራል፤ ጨው ከበዛ ደግሞ ጥሙ አያስቀምጥም። መልካም አዲስ ዓመት!