አሳማ ቤት ገብቼ ጎመን በላሁ

ከጃፓን ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ ፎቁና ስለ ፈጣኑ ባቡር ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። የለም። እዚሁ ጅማ ሄርማታ ገበያ ልሂድ፣ መሥሪያ ቤት ልግባ፣ ጥያቄው አንድ ነው። «አሳማ ቤት ገባሽ አሉ?»

አዎ፣ ገብቻለሁ። ወሬው የወጣው እኔው ፌስቡክ ላይ ከለጠፍኩት ፎቶ ስለሆነ ማንንም አልከስም። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ቶኪዮ የሄድኩትም ከገዢዎቻችን ጋር ናሙና ለመቅመስ ነበር። ጃፓኖች በናሙና ቀልድ አያውቁም። በፈረንጆቹ 2008 ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ካገኙ ወዲህማ ባሰባቸው። ቀኑን ሙሉ ስንቀምስና ስንተፋ ዋልን። ማታ አስተናጋጃችን ራት ልጋብዛችሁ ብሎ ቶንካትሱ ቤት ወሰደን። ቶንካትሱ የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ በዘይት የሚጠበስ የአሳማ ሥጋ ነው። የኛ አሮጌ ሆቴሎች ኮትሌት የሚሉት ዓይነት ሆኖ ወፈር ያለ።

ሰውዬው አሳማ እንደማልበላ ያውቃል። «ዶሮም አላቸው» ብሎ ነው የወሰደኝ። እውነቱን ነው፣ ዶሮ አላቸው። ችግሩ ዘይቱ ነው። ብዙ የድሮ ቶንካትሱ ቤቶች የሚጠብሱት በራሱ በአሳማው ስብ ነው። ይሄኛውም እንደዚያ ሆኖ ተገኘ። ሾርባውን ላንሳ ስል የአሳማ ሥጋ ተከትፎ ገብቶበታል። ሽሪምፕ አለ ተባለ። እሱ ደግሞ ክንፍና ቅርፊት የለው። አስተናጋጃችን በሐፍረት ቀላ። እኔ ግን ራበኝ እንጂ አልተከፋሁም። ሩዝ፣ ጥሬ ጎመንና የተቀመመ አትክልት አዝዤ ማየት ጀመርኩ።

የሚታይ ነገርም ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው። ባንኮኒው ላይ ተደርድረን ስንቀመጥ ማብሰያው ፊት ለፊታችን ሆነ። ምርጫው ትንሽ ነው፤ ዳሩ ላይ ጮማ ያለው ሽንጥ ወይም ጮማ የሌለው ፊሌቶ። የሚያበስሉት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ በጮማውና በቀዩ ሥጋ መካከል ያለውን ጅማት በቢላ ጫፍ ይበጥሳሉ። ካልተበጠሰ ሥጋው ሲጠበስ ይኮማተራል። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። ስስ ዱቄት። የተመታ እንቁላል። ከዚያ ፍርፋሪው ላይ ያስተኙትና በመዳፋቸው ጫን ያደርጉታል። አይጨፈልቁትም።

ዘይቱ 170 ዲግሪ ገደማ ነው። ሥጋው ሲገባ ይጮኻል። ቆይቶ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። ሰውዬው ሰዓት አላዩም። ጆሯቸውን ጣል አድርገው ነበር የሚጠብቁት። እኔም ቡና ስቆላ ፍንዳታውን የምጠብቀው በጆሮዬ ስለሆነ እዚህ ላይ ተግባባን። ካወጡት በኋላም ወዲያው አይቆርጡትም። ዘይቱ እንዲንጠፈጠፍ፣ ሙቀቱም ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ሽቦ ላይ ያሳርፉታል። ከዚያ ከች፣ ከች፣ ከች። የሚበላው በቾፕስቲክ ስለሆነ ተቆርጦ ነው የሚቀርበው።

ጎመኑን ልንገራችሁ፣ ራቴ እሱ ነበርና። ጥቅል ጎመን ነው። በጣም በስሱ ይከተፍና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ሲወጣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ብዙ ቤት ጎመን፣ ሩዝና ሾርባ በነጻ ይጨመራል። እኔ ጎመኑን አስጨመርኩ፣ ደግሜ አስጨመርኩ። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ሳልጠይቃቸው ነው የከመሩልኝ። ትንሽ የሸክላ ሙቀጫም ቀረበልኝ፤ ውስጡ የተቆላ ሰሊጥ አለ። ሁሉም የየራሱን ይፈጭና ወፍራሙን ጣፋጭና ኮምጣጣ ስጎ ይደባልቅበታል። የሳህኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ ስናፍጭ! አፍንጫ የሚሰነፍጠው ስናፍጭ፣ የኛው። ሰሊጥ፣ ስናፍጭ፣ ጎመን። ሥጋው ቢነሳ የጾም ገበታ ነው።

አስተናጋጃችን እየበላ ታሪኩን ነገረኝ፤ በኋላ ራሴም አነበብኩት። በፈረንጆቹ 675 ንጉሠ ነገሥት ተንሙ በዓመቱ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት የከብት፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የጦጣና የዶሮ ሥጋ እንዳይበላ አዘዙ። ነገሩ ከቡድሃ ሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነው። ጨርሶ የሚበላ ሰው አልነበረም ማለት ባይሆንም፣ ሥጋ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚታፈርበት ነገር ሆነ። በ1872 ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው በይፋ ሲነገር በሩ ተከፈተ። ጊንዛ ውስጥ ሬንጋቴይ የሚባል ምግብ ቤት በ1895 ተቋቋመ። የፈረንጁን ኮትሌት በአሳማ ሠርቶ፣ ብዙ ዘይት ውስጥ ነክሮ ማቅረብ የጀመረውም በ1899 እሱ ነው ይባላል። ይህን ለእማዬ ብነግራት «እንዲህ ደጋግ ሰዎች ከነበሩ፣ ታዲያ ምን አሳታቸው?» አለችኝ።

ጣዕሙን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። አስተናጋጃችን ቤቱ ጠራንና ባለቤቱ በንጹሕ ዘይት የዶሮ ሥጋ ጠበሰችልን። ለእኔ የዚህ ምግብ ዋናው ዳቦው ነው። እሱ አይስማማም፤ ጮማው ነው ባይ ነው። ጮማውን ስላልቀመስኩ በዚያ አልከራከረውም፤ ስለ ዳቦው ግን ወደ ኋላ አልልም። ፍርፋሪያቸው እንደኛ ደቆ ዱቄት አይሆንም። ትልልቅና ሸካራ ነው፤ ስለዚህ ሲጠበስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለዚህ ብለው ያለ ምድጃ፣ ሊጡ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፈው ቅርፊት የሌለው ዳቦ የሚጋግሩ ፋብሪካዎች አሏቸው። መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ የሚፈለግበት ቤት ቁጭ ብላችሁ ይህን አስቡት።

ጅማ ስመለስ ልሥራው አልኩ። ግን በምን? በዶሮ ቢሆን እኛ ብቻ ልንበላው ነው። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። ጅማ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። ዓሣ ግን አራጅ የለውም። ጃፓኖችም ዓሣን በዚያው ፍርፋሪ ይጠብሱታል። ስለዚህ ከግልገል ጊቤ ግድብ የመጣ ቆሮሶ ገዛሁ። ሻጩ ራሱ ፊሌቶ አድርጎ አወጣልኝ።

ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ፣ ዓሣውን በንጹሕ ጨርቅ በደንብ አድርቁት። እርጥብ ከሆነ ፍርፋሪው ዘይቱ ውስጥ ይራገፋል። ያደረ ፉርኖ ግዙ፤ ቅርፊቱን ገፍፋችሁ ካሮት በምትፍቁበት በትልቁ ቀዳዳ ፋቁት። ቴርሞሜትር የለኝም፤ አንዲት ፍርፋሪ ጣል አደርጋለሁ። ሰምጣ ቶሎ ከተመለሰች ዘይቱ ደርሷል። ለስጎው የቲማቲም ድልህ፣ ሶይ ሶስ፣ አቼቶ፣ የተፈጨ ዝንጅብልና የጅማ ማር ቀላቀልኩ። የነሱን አያክልም፣ ግን ወደዚያው ይሄዳል። የዘይቱን ነገር አታንሱብኝ። እማዬ ድስቱ ውስጥ የፈሰሰውን ስታይ «የወሩን አፈሰስሽው እኮ!» ብላ ጮኻለች።

ጎረቤታችን ሐጂና ባለቤታቸው ከነልጆቹ መጡ። ሐጂ አንዱን አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ያ የጃፓኑ ነው?»

«አይ ሐጂ፣ የጊቤ ዓሣ ነው። አሠራሩ ነው የጃፓን።»

«ልብሱን ብቻ ነዋ የተዋሰው» አሉና ቢስሚላህ ብለው ገመጡት። ደግሞ አነሱ።

እማዬ ስጎውን አንዴ ቀምሳ ገፋ አደረገችውና ሚጥሚጣ አመጣች። ልጆቹም ወዲያው ወደሷ ዞሩ። የሐጂ ባለቤት ስናፍጩን ወደዱት፤ አሠራሩን ጠየቁኝና የእማዬ መሆኑን ነገርኳቸው። ጎመኑን ግን ስከትፍ አርፍጄ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ፣ ከምሬ ባቀርብም ከእኔ በቀር የነካው የለም። «ጥሬውን?» አለች ትንሿ ልጅ። በማግስቱ እማዬ ከካሮትና ከድንች ጋር አልጫ አደረገችው።