እጄን መሰብሰብ አቃተኝ

ዛሬ 21ኛው ቀን ነበር። የጫጩት መፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ ካስገባኋቸው 24 እንቁላሎች አምስቱን ቀደም ብዬ በባትሪ አይቼ ባዶ ስለሆኑ አውጥቻቸዋለሁ። 15 ጫጩት ወጣ። አራቱ ግን ቅርፊቱን በስተው እዚያው ቀሩ። ጥፋቱ የኔው ነው።

እስከ 18ኛው ቀን እርጥበቱን ከ45 እስከ 50 በመቶ፣ ሙቀቱን 37.5 ላይ ይዤ በሰላም መጣሁ። ከዚያ በኋላ ማገላበጥ ይቆማል፣ እርጥበቱ ወደ 65 እና 70 ከፍ ይላል፣ ክዳኑም አይከፈትም። አውቃለሁ! ግን ትናንት ማታ የመጀመሪያዋ መንጫጫት ስትጀምር ማን ይችላል፣ ከፈትኩ። የጎረቤት ልጆች መጡ፣ ለነሱም ከፈትኩ። የደብረ ማርቆስ የበጋ አየር ደግሞ ከንፈር ይሰነጥቃል፤ የእርጥበት መለኪያው ባንዴ 38 በመቶ ገባ።

ጠዋት አንዷን ሳያት በቀዳዳው ምንቃሯ ይንቀሳቀሳል፣ ውስጥ ያለው ስስ ነጭ ሽፋን ግን እንደ ብራና ደርቆ ላባዋ ላይ ተጣብቋል፣ መዞር አልቻለችም። ስፖንጅ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ አስገባሁ፣ ረፍዷል። (ውሃ የምታስቀምጡ ሰዎች፣ ሰፊ ሳህን ነው የሚሻለው። እርጥበቱን የሚሰጠው የውሃው ስፋት እንጂ ጥልቀቱ አይደለም።)

እማዬ «የኔ ዶሮ ያለ መብራት ጭድ ላይ ተቀምጣ ትፈለፍል የለ» ብላ ሳቀችብኝ። ምን እላለሁ፣ ዶሮዋ እንደኔ በየአስር ደቂቃው እየተነሳች አታይም።

አሁን ካርቶን ውስጥ አምፖል ሥር ተኮልኩለዋል። አንዷ ጥቁር ናት፤ የጎረቤት አውራ ዶሮ ሳይጠረጠር አይቀርም።