አሞራ ገደል፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ ሐዋሳ ወረድኩ። ለቤተሰብ ስለቴን ላደርስ ነው አልኩ። እውነት ነው፤ ግን እሷንም ላያት ፈልጌ ነበር።

የተዋወቅነው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስንመረቅ እኔ ሥራ አግኝቼ አዲስ አበባ ገባሁ፣ እሷ እዚያው ቀረች። «አባቴ እየጠየቀኝ ነው» ስትለኝ «ከቤት ኪራይ ልውጣና ሽማግሌ እልካለሁ» አልኳት። በዓመቱም ያንኑ ደገምኩላት። ከዚያ መጠየቅ አቆመች። እኔም ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የተሳሳትኩበት ነገር የለም።

አሁን ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ናት። ስለዚህ ስደውልላት መጀመሪያ ያልኳት «ባለቤትሽ ሳያውቅ አንገናኝም» ነው። በማግስቱ «ነግሬዋለሁ፣ ሰላም ብሎሃል» አለችኝ። ይህን በማድረጌ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ስንገናኝ አንዳችንም ዙሪያችንን እያየን አልተሳቀቅንም።

«ፍቅር ሐይቅ ይሻላል?» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ። እዚያ የትኛው ዛፍ ሥር ምን እንደተባባልን አልረሳሁም። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው፣ በጠዋት፣ አልኳት። በጠዋት እዚያ ጀልባ ይገባል፣ ዓሣ ከመረብ ይፈታል፣ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ ወፍ አንገቱን ሰብሮ አንጀት እስኪወረወርለት ይጠብቃል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ሰው ዝም ቢል አያስታውቅበትም።

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን ሙሉ የይቅርታ ንግግር ስለማመድ ነበር። ሻሸመኔ ስንደርስ በቃሌ ወጣልኝ። ፊቷ ስቀመጥ ግን አንድ ቃል አልመጣልኝም። እንኳንም አልመጣ። ያ ንግግር ለእኔ ሸክም ማራገፊያ ነበር፤ ተሸክማው ወደ ልጇ የምትገባው እሷ ናት።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?» አልኩ።

«ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አሁንም ያነሱሃል።»

የቆሮሶ ጥብስ መጣ፤ ጎንና ጎኑ የተተለተለ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር። እኔ የዓሣ እሾህ መልቀም አይሆንልኝም። ተማሪ እያለን አንዱ ጉሮሮዬ ላይ ተሰክቶ አስደንግጧት ነበር። ከዚያ ወዲህ የምትለቅምልኝ እሷ ሆነች።

ስለ ልጇ ትምህርት ቤት እያወራችልኝ እጇ ሥራውን ጀመረ። ጀርባውን ከፈተች። አከርካሪውን ባንዴ መዘዘችው። የጎኑን እሾህ አንድ በአንድ ለቅማ ነጩን ሥጋ ወደ እኔ በኩል ገፋችው። ሁለተኛውን ስትገፋ እጇ ቆመ። ወሬዋም ተቋረጠ። ቀና አላለችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

እንባዬ መጣ። «አመሰግናለሁ» ብዬ አፌን ብከፍት ሌላውም ተከትሎ እንደሚወጣ አወቅኩ። ስለዚህ በላሁ። የገፋችልኝን አንድም ሳላስቀር በላሁ። እሷም ጥቂት ቆይታ መልቀሟን ቀጠለች።

«ደስተኛ ነሽ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው የምመክረው ይህን ነው፤ እሱን ጥያቄ ተዉት። አዎ ብትል እንዴት ልሆን ነው? አይ ብትልስ ምን ላደርግላት? ስልክ ቁጥሯንም አልያዝኩም፤ የደወልኩላት በጓደኛችን ስልክ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ባጃጅ ጠራሁላት። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ገባች። ከዚያ በጎን ብቅ ብላ፣

«ዓሣ ስትበላ ተጠንቀቅ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ባጃጁ ሄደ። ተመልሼ ገብቼ ተቀመጥኩ። እሾሁን ከትሪው ጫፍ በመስመር ደርድራው ነበር። አስተናጋጁ ሊያነሳው ሲመጣ «ትንሽ ቆይ» አልኩት።